መለስተኛ፣ ሁለተኛ ደረጃ

ይርጋጨፌ ላይ ሰባተኛ ክፍልን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ላይ የሌላ ሰው ፊርማ እንዳለ አውቃለሁ፤ ወረቀት ማንም ይፈርማል። በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ክረምት፣ ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ፣ ከከተማው ጫፍ እስከ ገጠሩ ዱመርሶ በእግሬ እየዞርኩ አምስት ሺህ ወላጅ ያሳመንኩት ግን እኔ ገሪማ ነኝ። አምስት ሺህ በዛ የሚል ካለ በዚያ ጭቃ እሱ ወጥቶ ይቁጠር።

ያን ጊዜ የትምህርት ቤታችን ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። ግምጃ ቤቱ ውስጥ ሦስት መጥረጊያ፣ አንድ የተነፈሰ ኳስ፣ ግማሽ ካርቶን ጠመኔና አንድ የኢትዮጵያ ካርታ አሉ። ካርታው ላይ ይርጋጨፌ አልነበረችም። እኔ በቀይ ቀለም ጨመርኳት፤ ከዲላ ትንሽ ተለቅ አድርጌ። ደወሉም በእኔ ሥር ነው። ደወል የምንለው ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የጭነት መኪና ቸርኬ ሲሆን፣ እኔ ስመታው ፍስሐ ገነት ድረስ ይሰማል። የሰሙ ሰዎች ነግረውኛል።

ትምህርት ቤቱ እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ነበር። ስድስተኛን ያለፈ ልጅ ሰባተኛን ለመማር ዲላ መውረድ አለበት። ዲላ ዘመድ ያለው ይወርዳል፤ የሌለው ደብተሩን አስቀምጦ ከአባቱ ጋር ቡና ውስጥ ይገባል። በዚያ ክረምት ግን ዲላ ካለው የአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ደብዳቤ መጣ። ዲሬክተራችን አቶ ገብረኪዳን መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ጠርገው አነበቡልኝ። ሠላሳ አምስት ተማሪዎች ከነወላጆቻቸው ከቀረቡ፣ ወላጆቹም በቡና ለቀማ ጊዜ ልጆቻቸውን ከትምህርት ላያስቀሩ ከፈረሙ፣ ሰባተኛ ክፍል ይከፈታል። መስከረም አሥራ ሦስት ቀን ኢንስፔክተር መጥቶ ይቆጥራል። አንድ ልጅ ከጎደለ መምህራኑም አግዳሚ ወንበሮቹም ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ።

«ሠላሳ አምስት ምን አላት» አልኩ። «ሦስት መቶ አመጣለሁ።»

«አንተ ሠላሳ አምስቱን አምጣልኝ» አሉ አቶ ገብረኪዳን። የጎጃም ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው የታጠበ ነው፣ ቀልድ ግን አይወዱም።

ከቢሮው ስወጣ አሰገደች ደጃፉ ላይ ቆማለች። አሰገደች በነጋዴው በከማሉዲን መጋዘን ተቀምጣ፣ ከተፈለፈለው ቡና ውስጥ ጥቁሩንና ስባሪውን በጣቷ እየለየች፣ አንድ ልጇን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። አንድ እፍኝ ቡና አይታ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ ትናገራለች ይባላል። እኔ ደግሞ የገበሬውን ስምና የሚስቱን አመል ጭምር ትናገራለች እላለሁ። ልጇ ጸሐይ የዚያን ዓመት የስድስተኛ ክፍል ፈተና አንደኛ ወጥታ አልፋለች። ዲላ ግን የሚያሳድራት ዘመድ የላትም።

«ጋሽ ገሪማ፣ የሚባለው እውነት ነው?» አለችኝ።

«እኔ ከያዝኩት በኋላ እውነት ሳይሆን የቀረ ነገር አለ?»

«ብዙ አለ። የያዝከው ኳስ እንኳ ተንፍሷል።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። «ክፍሉ ካልተከፈተ ጸሐይ ከጎኔ ተቀምጣ ቡና ትለያለች» አለች ቀስ ብላ። «የመጋዘኑ አለቃ ትናንት ቦታዋን አሳየኝ። ልጄ ጥሩ ዐይን አላት፤ አንዴ ከተቀመጠች አያስነሷትም። እኔንም አላስነሱኝም።»

ደረቴን መትቼ ቃል ሰጠኋት። የገሪማ ቃል ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከተማው ያውቃል።

በገበያው ቀን አቶ ገብረኪዳን በእጃቸው የጻፉትን ማስታወቂያ ይዤ በርሜል ላይ ወጣሁ። ከዱመርሶም፣ ከቆቄም፣ ከየሸንተረሩ የወረደ ሰው ገበያውን ሞልቶታል። ማስታወቂያው አጭርና ደረቅ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር እንደተጻፈ ማንበብ አይሆንልኝም፤ ማጣፈጫ አከልኩበት።

«ወላጆች ስሙ» አልኩ። «ልጆቻችሁ ስድስት ዓመት ሙሉ አንደኛ ደረጃ ቆይተዋል። አሁን ይበቃቸዋል። ከአንደኛ ደረጃ አውጥተን ሁለተኛ ደረጃ እናስገባቸዋለን። ስሙም መለስተኛ ነው። መለ...ስተኛ ሁለተኛ ደረጃ።»

«መለስተኛ» የሚለውን እንዲያ ሳስረዝመው ወደ ሐገረ ማርያም የሚሄድ አውቶቡስ መንገድ ላይ ቆሞ አዳመጠኝ። ሕዝቡ ጸጥ አለ። ከአድናቆት ነው ብዬ ወረድኩ።

በማግስቱ መዝገብ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። አንደኛ አሰገደች መጣች። ሁለተኛ ከማሉዲን ልጁን ነዚፍን ይዞ መጣ። ከዚያ ሦስት የከተማ ልጆች። ከዚያ በኋላ የመጣ ቢኖር ዝናብ ነው። ሳምንት አለፈ፤ ነሐሴ አለቀ፤ መዝገቡ ላይ አምስት ስም ብቻ። ከገጠር አንድም ሰው የለም፤ በገጠር ግን ስድስተኛን ያለፈ ከአርባ የማያንስ ልጅ ነበር።

ከማሉዲን ከአዲስ አበባ አራት ጣቃ የተማሪ ልብስ ካኪ አስመጥቶ ደርድሮ ነበር፤ በእኔ ወሬ አምኖ። በሱቁ ደጅ ባለፍኩ ቁጥር ይጠራኛል።

«አንተ ገሪማ፣ ሦስት መቶው ተማሪ በየት በኩል ነው የሚመጣው? በሞያሌ ነው?»

«ዝናቡ ይብረድ።»

«ዝናቡስ ይበርዳል። ይሄን ካኪ ለፍየሎቼ ላሰፋላቸው እንዴ?»

እንዲህ ያለውን ስድብ የሚችል ወንድ አይደለሁም። ጳጉሜን አንድ ቀን ሱሪዬን ጠቅልዬ ወደ ዱመርሶ ሄድኩ፤ የአርባ ቀን መንገድ የሚሆን ጭቃ በአንድ ጠዋት ጨረስኩ። የሄድኩት አቶ ታረቀኝ ዘንድ ነው። ታረቀኝ የቡና ገበሬና የጸሎት ቤት ሽማግሌ ነው፤ እሱ እሺ ያለውን ዱመርሶ እሺ ይላል። በጌዴኦኛ አስቦ በአማርኛ ይናገራል፤ ለሁሉም ሰው «አንተ» ነው የሚለው፤ ቢቆጣም ድምፁን ከፍ አያደርግም። ልጁ ፈለቀ ስድስተኛን በጥሩ ውጤት አልፏል።

ከእንሰቱ ሥር አስቀምጦ ቆጮ አቀረበልኝ። በልቼ ስጨርስ ጠየቅሁት፦ «ፈለቀን ለምን አታስመዘግበውም?»

«ፈለቀ ምን አጠፋ?» አለኝ።

«ምን ያጠፋል? ጎበዝ ልጅ ነው።»

«ጎበዝ ከሆነ ምን አድርጎ ነው ያወረዳችሁት? ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ ነበረ። ፈተና ተፈተነ። አለፈ አላችሁ፣ ወረቀት ሰጣችሁኝ። አሁን ሁለተኛ ደረጃ ነው አላችሁ። እኔ ቡናዬን ሁለተኛ ደረጃ ያለኝ ነጋዴ የለም። አንድ ቀን አንዱ አለኝ፣ ጭኜ ወደ ቤቴ መለስኩት። ቡናዬን እንዲህ ያደረግሁ ሰው፣ ልጄን ሁለተኛ ደረጃ ነው ብዬ በሰው ፊት ልፈርም?»

አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን አልጨረሰም።

«ሁለተኛ መሆኑስ ይሁን። መለስተኛ አልክ። መለስተኛ እናውቃለን፤ የተመለሰ። ነጋዴው አልፈልግም ብሎ የመለሰው ጆንያ። የወደቀ ልጅ የሚሰበሰብበት ቤት ነው። ጸሎት ቤት ተነጋገርንበት። ዱመርሶ ለዚያ ቤት አንድ ልጅ አይሰጥም።»

በሕይወቴ ብዙ ተዋግቻለሁ፣ ብዙ ወንዝ ተሻግሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ወሬ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። «ይህን ወሬ ማነው ያወራው?» አልኩ በቁጣ።

«አንተ ነህ» አለ ታረቀኝ። «በርሜል ላይ ቆመህ።»

«ታረቀኝ፣ ስማኝ። መለስተኛ ማለት የተመለሰ ማለት አይደለም። በጣም ያልተለቀ፣ ያላነሰም ማለት ነው። ለምሳሌ መለስተኛ በሬ...»

«እሱ ወይፈን ነው። ወይፈን በሉት።»

ተመልሼ ለአቶ ገብረኪዳን ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጫኑ። «ቃሉ የመንግሥት ነው» አሉ። «ማኅተሙ ላይ ሳይቀር ተቀርጿል።»

«ማኅተሙን ዱመርሶ አላነበበውም፣ ጌታዬ።»

«ያነበበውስ ምን አተረፈ?» አሉ። ሲቀልዱ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ቀልድ ከሆነ።

አሰገደች ከመጋዘን ስትወጣ መንገድ ላይ አገኘኋት። ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ሳቋ ቆመ። «እኔም ሁለተኛ ደረጃ ስትል ስሰማ እጄ ሊለየው ተነሥቶ ነበር» አለች። «ስንት ቀን ቀረው?»

«አሥራ ሰባት።»

«እንግዲህ በአፍህ አትሞክረው፤ ያበላሸኸውም በአፍህ ነው። ደረጃ ማለት ምን እንደሆነ በዐይናቸው ይዩት። የከማሉዲን ሱቅ ደጅ ላይ ምን አለ?»

የድንጋይ ደረጃ አለ፤ ጎርፍ እንዳይገባበት ያሠራው፣ ሦስት እርከን። ሐሳቡ የእኔ ነው፤ ምላሴ ላይ እንደመጣ ቀድማኝ ተናገረችው እንጂ።

የጳጉሜን የመጨረሻው ገበያ የዓመቱ ትልቁ ገበያ ነው። ሰው ሁሉ ለእንቁጣጣሽ የሚሸምተውን ሊሸምት ወርዷል። ታረቀኝን ከነዱመርሶዎቹ ከማሉዲን ደጅ ድረስ ይዤ መጣሁ። በር ላይ ከማሉዲን እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። ሁለት ሺህ ሰው ከበበን።

«ታረቀኝ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ ወደ ድንጋዩ እያመለከትኩ።

«ደረጃ።»

«አንደኛውን ደረጃ ርገጥ።» ረገጠ። «ምን ይታይሃል?»

«የከማሉዲን ሆድ።»

ገበያው በሳቅ ተናጋ። ከማሉዲን ሳይወድ ወደ ጎን ዞር አለ። «ሁለተኛውን ደረጃ ርገጥ» አልኩ። ረገጠ። «አሁንስ?»

«ካኪ። ደብተር። ፋኖስ።» ዞር ብሎ ወደ ገበያው አየ። «በቅሎዬም ታየኝ። ሰው የሽንኮራ አገዳ እያበላት ነው።»

«ስትረግጠው ወረድክ ወይስ ወጣህ?»

ታረቀኝ ጎንበስ አለ። እግሩን አየ፤ ከታች የቆሙትን ሰዎቹን አየ። «ወጣሁ» አለ።

«ቡና ግን ሁለተኛ ሲባል ይወርዳል» አለ ከታች አንድ ሰው። እውነትም ነው፤ እኔም መልስ አልነበረኝም፤ ማለቴ እየመረጥኩ ነበር። ያን ጊዜ አሰገደች ከሕዝቡ መሐል ድምጿን አሰማች። ቡና በመለየት የሚያህላት እንደሌለ የሚያውቅ ሁሉ ዞረ።

«ቡና ቁጥሩ ሲጨምር ይወርዳል፤ እኔ ራሴ ነኝ የማወርደው» አለች። «ልጅ ግን እንደ ቡና አይለይም። ፈለቀ ትምህርት ሲጀምር ስንተኛ ክፍል ነበር?»

«አንደኛ» አለ ታረቀኝ።

«ባለፈው ዓመትስ?»

«ስድስተኛ።»

«በቡናው ከሄድን ልጅህ ስድስተኛ ደረጃ ሆኖልሃል። ጆንያው ውስጥም አልከተውም፤ ለዶሮ ነው የምበትነው። እንዲያ ነው ስድስት ዓመት ያስተማርከው?»

ታረቀኝ ጢሙን ያዘ። ቀስ ብሎ ጥርሱ ታየ። ወደ ሰዎቹ ዞሮ በጌዴኦኛ ነገራቸው፤ ሳቁ ከፊት ወደ ኋላ እየተላለፈ ሄደ። አሰገደች ቀጠለች፤ ሰባተኛ ክፍል ላይ ለየትምህርቱ የየራሱ መምህርና የየራሱ ደብተር እንዳለ፣ ከአማርኛ በቀር ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ እንደሚሰጥ፣ በለቀማ ጊዜ ልጅ ማስቀረት እንደማይቻል አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ለቀማው ላይ ሲደርሱ ረጅም ክርክር ሆነ። በመጨረሻ ዱመርሶዎቹ ደቦ ለመግባት ተስማሙ፤ ተማሪ የሌለው ቤት ተማሪ ላለው ቤት ይለቅማል፣ ተማሪዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ በየተራ ይክሳሉ።

«ደህና» አለ ታረቀኝ፣ ገና ሁለተኛው ደረጃ ላይ እንዳለ። «ሁለተኛው ገባን። መለስተኛውስ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አቶ ገብረኪዳን ዛሬም ይሉኛል። ግን ያ ሁሉ ፊት ወደ እኔ ሲያይ፣ ገበያው እሳት ሲሆን፣ ማን ዝም ይላል? «መለስተኛ በስህተት የተባለ ነው» አልኩ። «ትክክለኛ ስሙ ከፍተኛ ነው።»

«ከፍ ያለ?»

«ከፍ ያለ።»

አሰገደች ዐይኗን አፈጠጠችብኝ። ሕዝቡ ግን መዝገቡ ወዳለበት መትመም ጀምሮ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከማሉዲን ካኪው አልቆበት ቀሪውን ልጆች በሰማያዊ ጨርቅ አለበሳቸው፤ ስለ ፍየሎቹ ሁለተኛ አላነሣም።

መስከረም አሥራ ሦስት ቀን በማለዳ ቸርኬውን መታሁት። ግቢው ሞላ። ልጆቹ ከነአዲስ ልብሳቸው፣ ወላጆቹ ከኋላቸው። በሦስት ሰዓት የኢንስፔክተሩ ላንድሮቨር ጭቃ እየረጨ ገባ። አቶ ጽጌማርያም ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ዝግተኛ፣ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ሳያዩ የማይናገሩ ሰው። ከመቁጠራቸው በፊት ወላጆቹን ላነጋግር አሉ። ደስ አለኝ። ታረቀኝን ወደፊት ገፋሁት።

«ልጅዎ ምን ሊማር ነው የመጣው?» ብለው ጠየቁት።

«ከፍተኛ ትምህርት» አለ ታረቀኝ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«ምን አሉኝ?»

«ከፍተኛ።»

ቀጥሎ ያለችውን ሴት ጠየቁ። ከፍተኛ አለች። ሦስተኛውን ጠየቁ። ከፍተኛ አለ። አቶ ጽጌማርያም ወደ አቶ ገብረኪዳን ዞሩ። «ዩኒቨርሲቲው ከአዲስ አበባ ወደ ይርጋጨፌ መዛወሩን ጽሕፈት ቤታችን አልሰማም» አሉ።

አቶ ገብረኪዳን ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ቸርኬው አየሁ።

«እነዚህ ሰዎች ጣታቸውን ያሳረፉት ለማያውቁት ነገር ነው» አሉ ኢንስፔክተሩ። አልተቆጡም፤ የባሰውም ያ ነው። «የተታለለ ወላጅ መስከረም ላይ ፈርሞ ኅዳር ላይ ልጁን ያስወጣል። ሌላ ቦታ አይቼዋለሁ። በዚህ ሁኔታ ልከፍት አልችልም።» አቃፊያቸውን ዘጉ።

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። እኔ፣ ገሪማ፣ አውቶቡስ በድምፄ ያቆምኩ ሰው። ጸሐይ አዲሶቹን ደብተሮቿን በሁለት እጇ ይዛ ከፊት ተሰልፋ ነበር፤ አቃፊው ሲዘጋ ደብተሮቹን ወደ ደረቷ ስታስጠጋ አየሁ። ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም።

«ጌታዬ፣ እኔን አልጠየቁኝም» አለች አሰገደች፣ ከሰልፉ ወጥታ።

አቶ ጽጌማርያም አዩዋት። «ልጅሽ ምን ልትማር ነው?»

«መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ። ዘንድሮ ሰባተኛ፣ ከርሞ ስምንተኛ። ከዚያ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ለቀማ ሲደርስ አትቀርም።»

«አንቺ ይህን ካወቅሽ እነዚህ ለምን ከፍተኛ ይላሉ?»

«ለእርስዎ መለስተኛ ነው» አለች። «እርስዎ ከላይ ሆነው ነው የሚያዩት። ከዱመርሶ ሲያዩት ከፍተኛ ነው። ስሙን ይተዉትና የፈረሙትን ይጠይቋቸው።»

ኢንስፔክተሩ ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር አዩ። ከዚያ ወደ ታረቀኝ ተመለሱ። «ኅዳር ላይ ቡናው ሲቀላ ልጁን ያስቀራሉ?»

«አላስቀርም። ደቦ ገብተናል። ልጅ የሌለው ለእኔ ይለቅማል፣ ልጄ ቅዳሜ ለእሱ ይለቅማል። ጸሎት ቤት ቆመን ተነጋገርን፣ ጨረስን።» ትንሽ አሰበና ጨመረበት፦ «አንተ ደግሞ ኅዳር ላይ አስተማሪውን እንዳታስቀርብን።»

አቶ ገብረኪዳን ዐይናቸውን ጨፈኑ። አቶ ጽጌማርያም ግን የከንፈራቸው ጫፍ ተንቀሳቀሰ። ሌላ ወላጅ ጠየቁ፤ ስለ ደቦው ነገራቸው። ሌላ ጠየቁ፤ የትኛው ቤት በየትኛው ሳምንት እንደሚለቀም ሳይቀር ዘረዘረላቸው። አቃፊውን መልሰው ከፈቱት።

«ይቁጠሩ» አሉ ለዲሬክተሩ።

መቁጠር ተጀመረ። ሠላሳ አምስት ላይ ሲደርስ አንዲት ሴት እልል አለች፤ ገና ያልተቆጠረ ሰልፍ ጥግ ላይ ነበር። አርባ። አርባ አምስት። ሃምሳ። ሃምሳ ሦስት ላይ ቆመ። ሃምሳ ሦስት ነው፤ መዝገቡ በእጄ ስለሆነ ማየት የፈለገ ግምጃ ቤት ይምጣ። ቀድሞ ከአውራጃው የተላከው ወንበር ለሠላሳ አምስት ብቻ ነበርና የተረፉት መሐል መሐሉን እየተጠጋጉ ገቡ። ሁለት አግዳሚ እኔ ተሸክሜ አስገባሁ፤ እያንዳንዱ የዝሆን ክብደት ነበረው።

ከወንበሮቹ ጋር የተላከው አዲሱ መምህር ስም መጥራት ጀመረ። ወላጆቹ አልሄዱም፤ በመስኮቱ ሥር ተደርድረው ጆሯቸውን ጣሉ። መዝገቡ ላይ አንደኛ ያለችው ጸሐይ ናት።

«ፕረዘንት» አለች ከውስጥ።

አሰገደች አጠገቤ ነበረች። እጇን የመስኮቱ እንጨት ላይ አድርጋለች።

«እንግሊዝኛ ነው» አልኳት። «ከሁላችሁም እበልጣለሁ ማለት ነው።»

«አለሁ ማለት ነው» አለች ከመስኮቱ ሳትዞር። «ስታጠና ሰምቻታለሁ።» ዐይኗ ሞልቶ ነበር፤ ግን ሳቀች።

ታረቀኝ ሰማትና ለዱመርሶዎቹ በቋንቋቸው ነገራቸው። አፍ ለአፍ ተቀባበሉት። ከዚያ በኋላ ውስጥ አንድ ስም በተጠራ ቁጥር፣ ልጁ ከመመለሱ በፊት ውጪ ያለው አባት ወይም እናት ቀድሞ ይመልስ ጀመር። መምህሩ ሁለት ጊዜ በመስኮት ብቅ ብሎ ለመናቸው፤ ሦስተኛ ላይ ተወው። ፈለቀ ተባለ። ታረቀኝ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ያን ቀን ብቻ ሰማሁት።

«ፕረዘንት» አለ። ላንድሮቨሩ ውስጥ ሊገቡ የነበሩት ኢንስፔክተር በሩን እንደያዙ ቆሙ፤ ስሙ ሁሉ ተጠርቶ እስኪያልቅ፣ ሃምሳ ሦስቱንም፣ ቆመው ሰሙ።